የወጌሻው ጽሑፍ እና ስምንት ጊጋ ራም

1

የጥገና መቀበያ ቅጽ

የደንበኛ ስም፦ ሲስተር ሉባባ እንድሪስ
ዕቃው፦ ጥቁር ላፕቶፕ፣ ክዳኑ ጫፉ ላይ የተላጠ
ችግሩ፦ ይንቀራፈፋል
የሚሠራው፦ ራም ከአራት ጊጋ ወደ ስምንት ጊጋ ማሳደግ
ቀን፦ ግንቦት 12
ደንበኛው ጽሑፉን አስቀምጧል?   አዎ ☑   አላስቀመጠም ☐

2

ምልክቱን ያደረገው ይመር ነው። ሉባባ አልተጠየቀችም።

እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቀን እሱም አላደረገውም። ከአምስት ዓመት በፊት ሱቁን ሲከፍት አንድ ቅጽ አዘጋጀ፣ «አዎ» ላይ ምልክት አደረገ፣ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት ወርዶ ሁለት መቶ አስባዛ። ሲያልቅበት እንደገና ሁለት መቶ። ስለዚህ እዚያ ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ ገና ደረጃውን ሳይወጣ መልሶ ነው የሚገባው። ለምን ብትሉት፣ «ሰው ይቸኩላላ! ደግሞ ሁሉም አዎ ነው የሚለው» ይላችኋል።

ይላችሁ ነበር። አሁን አይልም።

3

ሰዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከዚያ በላይ አይመጣባችሁም፣ አትስጉ።

ይመር ሰይድ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ደሴ ፒያሳ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ይጠግናል። ሥራ አዋቂ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ተማሪ ሳለ ከሞተር ሳይክል ወድቆ ቀኝ የእጁ አንጓ ላይ አንድ ነገር ቀርቶበታል። ካቻቢቴ ባዞረ ቁጥር አንጓው ቋ ይላል።

ሲስተር ሉባባ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ወፍራም መነጽር፣ ፈጣን እግር፣ ከሁሉ ጋር የምትስቅ ሴት።

ሦስተኛው አባቷ፣ አባባ እንድሪስ ናቸው። ወጌሻ። ከወረኢሉም ከሐይቅም ሰው ስብራቱን ተሸክሞ ወደ እሳቸው ሲመጣ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ጣታቸው አጥንቱን አልፎ ያያል ይባልላቸው ነበር። ከልጆቻቸው አንድም ሙያውን የያዘ የለም። ሉባባማ ነርስ ከሆነች በኋላ «አባባ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሣ!» እያለች ስንት ዓመት ተጨቃጭቃቸዋለች። ከዚያ አንድ ቀን፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ «ልጄ፣ እኔ ልናገር አንቺ ጻፊ። ከእኔ ጋር አፈር አይግባ» አሏት።

ከሥራ ስትመለስ እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ በሁለት ጣት ትጽፋለች። የትከሻ ውልቃት። የሕፃን ክርን። ቆዳው ሳይከፈት የተሰነጠቀ አጥንት በጣት እንዴት እንደሚለይ። ሸምበቆው በምን ያህል እንደሚታሰር፣ መቼ እንደሚላላ። የትኛው ስብራት ለወጌሻ እንደማይሆን፣ ያለ ክርክር ሆስፒታል እንደሚላክ። አራት ወር ተኩል። ርዕሱን «የአጥንት ነገር» ብለው አወጡለት፣ እያንዳንዱንም በግዕዝ ቁጥር ከፋፈሉት። የእጅ አንጓን ለመጨረሻ አቆዩት፤ «እሱ ረጅም ወሬ አለው» ይሏት ነበር።

ያ ጽሑፍ የት እንደነበረ ታውቃላችሁ።

4

ራም ምንድን ነው? (ይመር ለደንበኛ ሁሉ የሚለው፣ ቃል በቃል።)

«ልብስ ሰፊ አይተሻል? ጨርቁ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ነው። አሁን የሚሰፋውን ግን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። መደርደሪያው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ጠረጴዛው ራሙ ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ፣ አንዱን ሲጠቀልል ሌላውን ሲዘረጋ ይውላል፤ ለዚህ ነው የሚንቀራፈፍብሽ። እኛ ጠረጴዛውን በሰፊ ነው የምንቀይርልሽ። መደርደሪያሽን ማንም አይነካውም።»

ጥሩ ማስረዳት ነው፤ አሮጊትም ተማሪም ይገባዋል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። መደርደሪያው ማሽኑ ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። ጠረጴዛው ግን ኤሌክትሪኩ የተቋረጠ ጊዜ ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ የለም። ወድቆ አይገኝም። ተቀዶ አይገኝም።

የለም።

ይህችን ይመር አይናገራትም ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቃት ይመስለው ነበር።

5

ጥር ላይ ሉባባ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር። «በየአሥር ደቂቃው ቀጥ ይልብኛል። አባባ እየነገሩኝ ሐሳባቸው ይቆረጣል፤ ኋላ የት ነበርኩ ይሉኛል።»

ይመር አየው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ በየአሥር ደቂቃው ለራሱ ቅጂ ያስቀራል፤ ማሽኑ ደካማ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ቀጥ ይላል። ይመር ቅንብሩን ከፈተ፣ ከአንዲት ሣጥን ውስጥ ምልክቱን አነሣ።

«በይ ሂጂ ሲስተር፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም።»

አላስቸገራትም። መረቀችው። ሰው ጽሑፉን ሳያስቀምጥ ቢዘጋ መልሳ የምታወጣለት ያቺ ቅጂ መሆኗን አልነገራትም። እሷም በበኩሏ «አስቀምጥ» የሚለውን አንድም ቀን ተጭናው አታውቅም። ስትጨርስ ክዳኑን ትዘጋለች፤ ማሽኑ ያንቀላፋል እንጂ አይጠፋም። ማግስቱን ስትከፍተው ጽሑፉ ያቆመችበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ምኑን ታስቀምጠው? አለ እኮ!

6

ራም እንዴት ይቀየራል?

ሀ. ኮምፒውተሩን አጥፉ።
ለ. ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪውን አውጡ።
ሐ. ማብሪያውን ተጭናችሁ ጥቂት ቆዩ፤ ውስጡ የቀረች ኤሌክትሪክ ካለች ትውጣ።
መ. የሥሩን ክዳን ፍቱ። ራሟ ከጣት ብዙም የማትረዝም አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። በሁለት ጎን የያዟትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጉ ራሷ ብድግ ትላለች።
ሠ. አዲሷን በዚያው ሰያፍ አስገቡ። አልገባ ካለች በጉልበት አትሞክሩ፤ አዙራችሁ እዩ። ከዚያ እስክትይዝ ወደ ታች ተጫኗት።
ረ. ግጠሙ። አብሩ።

ጀማሪ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ይመር ስምንት ደቂቃ።

አሁን ወደ ሀ ተመለሱና እንደገና አንብቡት። ሁለት ቃል ነው።

7

ግንቦት 12 አባባ እንድሪስ ልጃቸውን ተደግፈው ፎቁን ወጥተው መጡ። ሉባባ ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛው፣ «የአባባ ጽሑፍ እዚህ ውስጥ ነው፤ አደራህን።» ይመር ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ «አብሽሪ ሲስተር! ራም ነው እኮ የምንቀይረው፤ ፋይል አይነካም» አላት። ሁለተኛው፣ «እስክትጨርስ የአባባን የዓይን ጠብታ ከታች ፋርማሲ ልግዛ።» ወረደች።

ይመር የሌላ ሰው ማሽን ይዞ ነበር፤ ቡሎኗን ሊያጠብቅ ካቻቢቴውን አዞረ።

ቋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሽማግሌው።

«ካቻቢቴው ነው አባባ።»

«ብረት እንዲህ አይጮህም። እጅህን ወዲህ በል።»

ሳቀ፤ ግን ሰጣቸው። ፊታቸው ወደ ጣሪያው ዞሮ ጣታቸው አንጓውን መፈለግ ጀመረ። «የወደቅከው በመዳፍህ ነው፤ አሥር ዓመት አልፎታል» አሉት። ማን ነገራቸው? መያዝም ማውራትም ጀመሩ፤ ያዙት፣ አወሩለት፣ አንድ ቦታ ላይ ጫን አሉት። ሲለቁት እጁ ከትከሻው ጀምሮ የቀለለ መሰለው። ካቻቢቴውን አዞረ። ድምፁ አልጠፋም፣ ግን ሩቅ ሆነ።

«ሦስት ጊዜ ነው የምይዝህ» አሉ። «ዛሬ አንድ። በሳምንቱ ሁለት። በሦስተኛው አንተው ራስህ ትስቃለህ።»

ሉባባ ስትመለስ ራሙ ተቀይሯል። ማሽኑ ዓይን ሳይጨፈን ተነሣ። «ውይ፣ አዲስ ሆነ!» ብላ አጨበጨበች። አባቷን ደግፋ ወረደች።

በዚህ ቁጥር ሥር አንድ ነገር ቀርቷል። ይመር ለራሱም ሲተርከው ይዘለው ነበርና እኛም ዘለልነው።

8

ግንቦት 14 ሉባባ ብቻዋን መጣች። «ይመር፣ ጽሑፉ የት ሄደ?»

ይመር ማሽኑን ከፍቶ መፈለግ ጀመረ። ያልተፈለገ ቦታ አልቀረም። ቅጂዎቹ የሚቀሩበትን ክፍል ከፈተው፤ ከጥር ወዲህ ባዶ ነው። ያቺን ምልክት ያነሣው የገዛ እጁ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አወቀ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት የፈለገው እሷ እያየችው ስለነበር ነው።

እውነቱ አፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወላሂ ደርሶ ነበር። ግን እሷ ቀደመችው።

«ቆይ! አሮጌው ራም አለ አይደል? ጠረጴዛውን ነው የቀየርኩልሽ ብለኸኛል። ታዲያ ጽሑፉ አሮጌው ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ነዋ!»

ፊቷ በራ። የራሱ ማስረዳት ነው፣ ቃል በቃል፣ በእሷ አፍ።

ይመር ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አዎ፣ ሊሆን ይችላል» አለ። «አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን የሚያወጣ ልጅ አለ። እልክለታለሁ።»*

* አሮጌዋ ራም የትም አልተላከችም። በሶፍት ወረቀት ተጠቅልላ መሳቢያው ውስጥ ናት። አንድም ፊደል የለባትም፤ ገና ባትሪው ሲወጣ ባዶ ሆናለች። ይመር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም እስካሁን አልጣላትም።

9

ስልክ

ግንቦት 20
ሉባባ፦ ደረሰለት?
ይመር፦ ደርሷል። ወረፋ አለ አለኝ።
ሉባባ፦ አላህ ያግዘው። አንተ ግን ሳምንቱ ሞላ እኮ፤ አባባ እጁን ልያዘው፣ የት ጠፋ ይላሉ።
ይመር፦ እመጣለሁ።

ግንቦት 29
ሉባባ፦ አባባ «ተይው ልጄ፣ ከመጀመሪያው ልበልሽ፣ ጻፊ» እያሉኝ ነው።
ይመር፦
ሉባባ፦ ይመር?
ይመር፦ አለሁ።
ሉባባ፦ ምን ልበላቸው? እንጀምር ወይስ ይገኛል?
ይመር፦ አይልፉ። ይገኛል።
ሉባባ፦ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። በዚህ ዕድሜያቸው አራት ወር የለፉበትን ድገሙት ማለት ግፍ ነው።

ሰኔ 11
ሉባባ፦ ዛሬም ስለ እጅህ ጠየቁኝ። «ያን ልጅ ጀምሬ ተውኩት» ብለው ይቆጫሉ።
ይመር፦ ሥራ በዝቶብኝ ነው ሲስተር። በዚህ ሳምንት።

ሰኔ 19
ሉባባ፦ (ሦስት ጊዜ ደወለች።)
ይመር፦ (አላነሣም።)

10

እዚህ ላይ ከይመር ጋር ትንሽ እንጣላ።

አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? የጠፋው ጠፍቷል፣ ይሁን። የሚያጠፋ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ግንቦት 29 ሴትየዋ በሩን በርግዳ ከፍታልህ ነበር! «አይገኝም ሲስተር፣ ጀምሩ» ማለት ስንት ቃል ነው? እኚያ ሽማግሌ አፋቸው ይሠራል፣ ልባቸው ንቁ ነው፣ ልናገር እያሉ ነው። አንተ ግን ዛሬ ቁጣዋን ከምሰማ ነገ ይሻላል አልክ። ነገም ነገ አልክ።

ይመር ይህን ሁሉ ለራሱ ብሎታል። ሱቁን በከፈተ ቁጥር፣ መሳቢያውን በሳበ ቁጥር። ደጋግሞ ሊደውል ስልኩን አንሥቶ «ለዛሬ ብቻ» እያለ መልሶ አስቀምጦታል።

11

ሰኔ 24 አባባ እንድሪስን ሳል ያዛቸው።

ሰኔ 27 ወደ አኼራ ሄዱ።

12

ለቅሶ ቤት ይመር ድንኳኑ ጥግ ላይ ሊሸሸግ ፈልጎ ነበር፤ ሉባባ አየችው። ተነሥታ መጣች፣ እጁን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ መካከል ወሰደችው።

«ይኸ ነው» አለቻቸው። «የአባባን ጽሑፍ እያወጣልን ያለው።»

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። ዕድሜውን አላህ እንዲያረዝምለት፣ እጁን እንዲባርክለት። ከጎኑ የተቀመጡ አንድ ሰው ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ቅልጥማቸውን አሳዩት፤ ሁለት ቦታ ተሰብሮ አባባ እንድሪስ የጠገኑት ነው፣ ቀጥ ያለ። «አየህ? አሁን እንዲህ የሚያደርግ የለም። ያ ጽሑፍ ነው የቀረን» አሉት።

ይመር አሚን አለ። ሌላ ምን ይበል?  ቡና ሲሰጡት ቀኝ እጁን ደብቆ በግራው ተቀበለ።

13

7፣ እንደገና

የቀረችው ነገር ይኸችው።

አባባ እንድሪስ ቀኝ እጁን ሲይዙት፣ የሉባባ ላፕቶፕ በግራው በኩል ክፍት ነበር። ይመር ሥራ እንዳይፈታ በግራ እጁ «አጥፋ» የሚለውን ተጫነ። ሽማግሌው እያወሩ ነበር። «በመጀመሪያ...» ብለው ነበር የጀመሩት። የሚያደርጉትን ሁሉ እየተናገሩ ነው የሚያደርጉት፤ አራት ወር ተኩል ለልጃቸው ሲናገሩ የለመደባቸው ይሁን፣ ወይም ይህን ሰው ማስተማራቸው ይሁን፣ አላህ ይወቅ።

ማሽኑ ድምፅ አሰማ። መስኮት ብቅ አለ።

በ«ሰነድ 1» ላይ ያደረጉትን ለውጥ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ?

አስቀምጥ      አታስቀምጥ      ተው

«ያ ነገር ምን አለ?» አሉ አባባ እንድሪስ።

«ምንም አይደለም አባባ፤ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ነው።»

«መልስለታ እንግዲህ» አሉት፤ ንግግራቸውን ግን አላቋረጡም።

የደንበኛ ሁሉ ማሽን ላይ «ሰነድ 1» አለ። አንድ መስመር ተጽፎ የተተወ ነገር ነው፤ ይመር ስንቱን ዘግቷል። ቀስቷን ወደ መካከለኛው ወሰዳት። ከጀርባው ያለው ገጽ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ መሆኑን አይቷል? አይቷል። አነበበው? አላነበበውም።

ተጫነ።

አታስቀምጥ።

14

ሐምሌ 6 ይመር ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደ። ሉባባ ከተረኛ ክፍል ወጥታ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ቆመ። ሁሉንም ነገራት። ጥር ላይ ያነሣትን ምልክት፣ ቅጹን፣ መስኮቷን፣ አዲስ አበባ አለ ያላት ልጅ አለመኖሩን። አሮጌዋን ራም ከነሶፍቷ አውጥቶ ከአጠገቧ አስቀመጠላት፤ ለምን እንዳመጣት እሱም አያውቅም።

ትጮሃለች ብሎ ነበር። መጮኋን ይመርጥ ነበር።

በጣቷ ቆጠረች። ከግንቦት 14 እስከ ሰኔ 27።

«አርባ ሦስት ቀን» አለች።

ይመር አንገቱን ደፋ።

«አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር ሲሉኝ እኔ አይልፉ እያልኩ አፋቸውን ዘጋሁ። ጽፌዋለሁ ብዬ አንዱንም በጭንቅላቴ አልያዝኩትም። ነርስ ነኝ፣ ከአባቴ አፍ ሰምቼ ነበር፣ ግን ጽፌዋለሁ አልኩ።» መነጽሯን አወለቀች። «ጽሑፉንስ አላወቅክም፤ እሺ። ቀኑን ግን እያወቅክ ወሰድክብኝ።»

«ይቅር በይኝ አልልሽም ሲስተር።»

«አትበል።»

አንዲት እናት ልጇን አዝላ አለፈች፤ ሉባባ በእጇ ወደ ካርድ ክፍሉ አመለከተቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ላፕቶፑን አወጣች። ጽሑፉ ከጠፋ ወዲህ ከእሷ አይለይም ኖሯል። ክዳኑን ስትከፍት ወዲያው ነቃ፤ ስምንት ጊጋ ነው፣ ይፈጥናል። አዲስ ገጽ ከፈተች።

«የእጅ አንጓን ለመጨረሻ ነበር ያቆዩት» አለች። «ለእኔ አልነገሩኝም፤ አልደረስንበትም። አንተን ሲይዙህ እኔ ፋርማሲ ነበርኩ። እያወሩ እንደያዙህ አውቃለሁ፤ ዝም ብለው ይዘው አያውቁም። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ።

«ከመጀመሪያው ንገረኝ። ምን አሉ? የቱን ያዙ? በየትኛው ጣት?»

ይመር ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አየው። ዓይኑን ጨፈነ። የመጣለት ግን መስኮቷ ናት፤ ከነፊደሏ፣ ከነሦስቱ ምርጫ፣ ከነቀስቷ። ሽማግሌው እየተናገሩ ነው፣ ድምፃቸው ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን የለም። ዓይኑን ገለጠ። አንጓውን በግራ እጁ ያዘ፤ እሳቸው የያዙት እዚህ ጋ ይሆን? ትንሽ ወደ ላይ ነበር? አውራ ጣታቸው ከላይ ነበር ወይስ ከሥር?

«ቆይ» አለች ሉባባ። «መጀመሪያ የት ነው የሚጫነው? እንዲቀመጥ?»

አሳያት። ተጫነች። ማሽኑ ስም ጠየቃት፤ «የአጥንት ነገር» ብላ ጻፈች፤ ባዶውን ገጽ አስቀመጠችው።

ሁለቱን ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችው።

«እሺ፣ በል።»

15

የአጥንት ነገር

፩. የእጅ አንጓ። በመጀመሪያ



፪.



፫.